አራት ሆነው ለሚወዳደሩ፦ በአድቬንቸር ሬስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ላይ ቡድን መሥርታችሁ አድቬንቸር ሬስ ለመግባት ካሰባችሁ ይቺ ጽሑፍ ለእናንተ ናት። ለማያውቀው ባጭሩ፦ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሰው፣ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ፣ በእግር፣ በብስክሌትና በቀዘፋ አብሮ የሚጓዝበት ረጅም ውድድር ነው። ጂፒኤስ ብዙ ጊዜ ክልክል ነው። ካርታ ይሰጣችኋል፣ ካርታው ላይ የግድ መድረስ ያለባችሁ ነጥቦች (ቼክፖይንቶች) ምልክት ተደርጎባቸዋል፣ በየት በኩል እንደምትደርሱባቸው የመምረጡ ነገር የእናንተ ነው። አጭሩ በጥቂት ሰዓት ያልቃል፤ ረጅሙ ሌት ተቀን ለቀናት ይሄዳል። ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም። ፈረንሳዊው ጄራር ፉዚል ያስጀመረው ሬድ ጎልዋዝ የተባለው ውድድር በ1989 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ላይ ተካሂዷል፤ የ2023ቱ የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ እዚሁ አህጉራችን፣ ደቡብ አፍሪካ ነበር።

ለልምምድ ሐዋሳ የታደለች ከተማ ናት። ሐይቁ አለ። ታቦር ተራራ አለ፣ አላሙራ ተራራ አለ። ወደ ወንዶ ገነት ወጣ ካላችሁ ደግሞ ጫካም ዳገትም አለ። ጉልበት ያለው ወጣትም ሞልቷል። ቡድን የሚፈርሰው ግን በአብዛኛው በጉልበት ማነስ አይደለም፤ አንዱ የሚያውቀውን ነገር ለሌሎቹ ሳይናገር በመቅረቱ ነው። እግሩ እየተላጠ ዝም ይላል። መንገድ መሳሳታቸውን እያየ ዝም ይላል። ውሃ እያለቀበት ዝም ይላል። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ስታነቡ አብዛኞቹ ከዚህ ዝምታ የሚመጡ መሆናቸውን ታያላችሁ።

ፈጣኖቹን ብቻ መሰብሰብ

ብዙ ጊዜ ቡድን የሚመሠረተው እንዲህ ነው። ማን ይሮጣል? ማን ብስክሌት ይችላል? ማን ይዋኛል? በቃ፣ ተመሠረተ። ሰዓቱ የሚያዘው ግን አራተኛው ሰው ሲገባ ነው። ተራርቆ መሄድ አይፈቀድም፣ አንድ ሰው ካቋረጠ ደግሞ በትልልቆቹ ውድድሮች ቡድኑ ደረጃ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የአንዱ ፍጥነት ለብቻው ምንም አይፈይድም።

አብራችሁት ደክማችሁ የምታውቁትን ሰው ምረጡ። ሲርበው የሚነጫነጭ ከሆነ እናንተም እወቁት፣ እሱም ራሱን ይወቅ። ሲደክመው ዝም የሚል ከሆነ ደግሞ ይበልጥ እወቁት፣ የሚያሰጋው እሱ ነው። ደንቡ ሴት ይጠይቃል ተብሎ አንዲት ልጅ በመጨረሻው ሳምንት የሚጠሩ አሉ። ይሄ ነውር ነው፤ ደግሞም ቡድኑን ራሱን ይጎዳል፣ ምክንያቱም በዕቅዱ ያልተሳተፈ ሰው ስህተት ቢያይም ለመናገር ድፍረት አያገኝም። ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ካርታውም ውሳኔውም የእሷም ይሁን።

«ደህና ነኝ» ማለት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ቀን ከአላሙራ ስንወርድ አንዱ ልጅ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። «ምን ሆንክ?» «ኧረ ደህና ነኝ፣ ቀጥሉ።» ትንሽ ቆየንና ደግመን ጠየቅነው። «ደህና ነኝ አልኳችሁ እኮ።» በኋላ ጫማውን ሲያወልቅ የተረከዙ ቆዳ ተልጦ ካልሲው ላይ ተጣብቋል። በሃይላንድ ውሃ ካልሲውን እያራስን፣ እሱ ጥርሱን ነክሶ፣ ቀስ እያልን አላቀቅነው። ከዚያ በኋላ የቀረውን መንገድ የተጓዝነው በእሱ እግር ፍጥነት ነው። ልጁ ያሰበው እኛን ላለማስቆም ነበር። ይሉኝታ ይዞት ነው። ይሉኝታ ሰፈር ውስጥ ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን አራታችሁንም ያስቆማል።

እግር ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ይናገራል። መጀመሪያ አንድ ቦታ ይሞቃል፣ ከዚያ ያቃጥላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የሞቀ ጊዜ ነው መቆም። ጫማ አውልቁ፣ አሸዋውን አራግፉ፣ እግሩን አድርቁ፣ ፕላስተር ለጥፉበት፣ ደረቅ ካልሲ ቀይሩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እርጥብ ቆዳ ቶሎ ስለሚላጥ ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ስትወጡ ይሄን ሳታደርጉ ረጅም መንገድ አትጀምሩ። አዲስ ጫማ ለውድድር ቀን ማድረግማ አይታሰብም።

እንዲሁም «ደህና ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ይታወቃል። በየሰዓቱ ቁርጥ ያለ ጥያቄ ጠይቁ። እግርሽ የቱ ጋ ነው የሚሞቅሽ? መጨረሻ የበላኸው መቼ ነው? ምን ያህል ውሃ ቀረህ? ሽንት የሸናህ መቼ ነው? አራታችሁም መልሱ፣ ጠያቂውም ጭምር። ሁሉም ሲጠየቅ ማንም አያፍርም።

ጉልበትን ለየብቻ መያዝ

ሲጀመር ሁሉም ይሮጣል። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ደሙ ይሞቃል፣ ጠንካራው ሰው ሃምሳ ሜትር ቀድሞ እየዞረ ሌሎቹን ይጠብቃል። ይሄ ሰው ለቡድኑ ምንም አልጨመረም። ደካማ የሚሆነው ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሰዓት እሱን ለመከተል ሲል ጉልበቱን ይጨርሳል።

ጠንካራው ጉልበቱን የሚሰጥበት መንገድ አለ። የደከመውን ሰው ቦርሳ ይሸከም። ወይም ይጎትት፦ ልምድ ያላቸው ቡድኖች ከጠንካራው ቦርሳ ወይም ብስክሌት ላይ የሚለጠጥ ገመድ አስረው ሌላውን ይስባሉ፣ ዳገት ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የኛ ሰው ግን መጎተት ያሳፍረዋል። ልምምድ ላይ ሁላችሁም በተራ ተጎተቱ፣ ጠንካራውም ጭምር፣ ያኔ ኀፍረቱ ይቀራል። ደግሞ ዛሬ የሚጎትተው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጎታች ሊሆን ይችላል። ማን መቼ እንደሚደክም አይታወቅም።

ካርታውን ለአንድ ሰው ጥሎ መከተል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰዓት የሚበላው ከሁሉም በላይ ይሄ ነው። ለሦስት ሰዓት ሮጣችሁ ያገኛችሁትን በአንድ የተሳሳተ ሸለቆ ታጡታላችሁ።

ካርታ የሚያነብ አንድ ዋና ሰው መኖሩ ጥሩ ነው። ግን የሚያጣራ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ምንድን ነው? ካርታውን በዕድሜ ትልቁ ይይዛል። ታናሹ ከኋላ ሆኖ በግራ መሆን የነበረበት ወንዝ በቀኝ መሆኑን ያያል። ይናገራል? አይናገርም። «ጋሼ ሳያውቀው ነው እንዴ?» ብሎ ይተወዋል። ሌላ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ከመነሻው ተስማሙ፦ ማንኛውም ሰው «ቆም እንበል» ካለ ሁሉም ይቆማል፣ ካርታው ይዘረጋል፣ የተናገረው ተሳስቶ ቢገኝም ማንም አይቆጣውም። አንድ ጊዜ ከተቆጣችሁት ሁለተኛ አይናገርም።

ካርታ ንባቡን በተመለከተ፣ ባለ 1:50,000 ካርታ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ኩርባ የከፍታ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ ሲራራቁ ሜዳ። በሁለት መስመር መካከል ስንት ሜትር እንዳለ ግርጌው ላይ ተጽፏል፣ እሱን ሳታዩ አትነሱ። ጊዜ ለመገመት ደግሞ ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣት ቀላል ስሌት እስካሁን ትሠራለች፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። 5 ኪሎ ሜትር ርቀትና 300 ሜትር ዳገት ካለ አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ይሄን አስቀድማችሁ ካሰላችሁ፣ ሁለት ሰዓት ሄዳችሁ ቼክፖይንቱ ከሌለ አንድ ነገር መበላሸቱን ታውቃላችሁ። ያላሰላ ቡድን «ትንሽ ይቀረናል» እያለ ይነጉዳል።

ሌላም ነገር፦ ከመነሳታችሁ በፊት «ይሄን ካየን አልፈናል» የምትሉትን ምልክት ምረጡ። ድልድይ ይሁን፣ አስፋልት ይሁን፣ ትልቅ ወንዝ ይሁን። ከጠፋችሁ ደግሞ በግምት ወደፊት አትግፉ። በእርግጠኝነት ወደምታውቁት የመጨረሻ ቦታ ተመለሱ። መመለስ ያናድዳል፣ አውቃለሁ፣ ግን ሁሌም ያነሰው ኪሳራ እሱ ነው።

ሐዋሳ ያደገ ሰው አንድ የተለየ ችግር አለበት። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው፤ ሐይቁን ወይም ታቦርን ካየ አቅጣጫውን ያውቃል፣ ኮምፓስ አስፈልጎት አያውቅም። ወንዶ ገነት ጫካ ውስጥ ወይም ሌሊት ግን ሐይቅም ታቦርም የለም። ስለዚህ ኮምፓሱን ቀን፣ የምታውቁት ቦታ ላይ፣ ሳያስፈልጋችሁ ተለማመዱበት። የሲዳማ ገጠር ውስጥ ደግሞ በእንሰት ጓሮዎች መሐል የሚሄዱት ቀጫጭን የእግር መንገዶች ብዙዎቹ ካርታ ላይ የሉም። መንገዱን ሳይሆን የመሬቱን ቅርጽ ተከተሉ፤ ሸንተረሩ የት ነው፣ ውሃው ወደየት ይወርዳል።

ደንቡ ሰው መጠየቅ ከፈቀደ ጠይቁ፣ አጠያየቁን ግን እወቁበት። «እናቴ፣ ወደ ወንዙ በዚህ ነው አይደል?» ካላችኋቸው አዎ ይሏችኋል፣ እንግዳን ላለማሳፈር። «ወደ ወንዙ በየት በኩል ነው?» በሏቸው፣ እጃቸው ወዴት እንደሚያመለክት እዩ። «ቅርብ ነው» ሲባልም በእግር ምን ያህል እንደሚያስሄድ ጠይቁ፣ ገበሬ ቅርብ የሚለው ለደከመ እግር ቅርብ አይደለም። ከቡድኑ አንድ ሰው ሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) የሚችል ከሆነ ትልቅ ሀብት ነው።

ሰዓት ማምታታት

አጭር ነገር ናት ግን ሰው ታስቀራለች። የውድድር መጽሔቱ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጽፈው። 06:00 ሲል የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። 18:30 ሲል ማታ 12 ሰዓት ተኩል። አንዱ በሐበሻ፣ ሌላው በፈረንጅ እያሰበ ሲነጋገር ቼክፖይንት የሚዘጋበት ሰዓት ያልፋል። የአራታችሁም የእጅ ሰዓት አንድ ዓይነት ይሁን፣ የመዝጊያ ሰዓቶቹን በእጅ ጽፋችሁ ካርታው ላይ ለጥፉ። በእኛ አካባቢ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይዋ ትገባለች፣ ከዚያ ጨለማው ፈጣን ነው። የራስ ባትሪውን ሳይጨልም አውጡ።

ሐይቁን መናቅ

ሐይቁን በየቀኑ ስለምናየው እናውቀዋለን ብለን እናስባለን። ጠዋት ጸጥ ያለው ውሃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት ሌላ ነው። የቀዘፋ ልምምድ ጠዋት ብቻ ካደረጋችሁ ማዕበል አታውቁም ማለት ነው፤ አንዳንዴ ከሰዓት፣ ከዳር ሳትርቁ፣ ሐይቁን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ተለማመዱ። ዋና ብትችሉም ላይፍ ጃኬቱ ይታሰር። ደረት ላይ ተከፍቶ የሚንጠለጠል ላይፍ ጃኬት ዋጋ የለውም።

ጉማሬ አለ። አመሻሽ ላይ ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል መግባት ነው አደገኛው፣ ስለዚህ በጨለማ ሸምበቆ ውስጥ ጀልባ ማሳረፍ አይሞከርም። አሞራ ገደል ያሉትን ዓሣ አጥማጆች አነጋግሩ። ጉማሬው የት እንደሚውል ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ መረባቸው የተዘረጋበትንም ይነግሯችኋል። የሰው መረብ በመቅዘፊያ መቅደድ እንጀራውን መንካት ነው።

በአስፋልት ብስክሌት መተማመን

ሐዋሳ ብስክሌት የማይነዳ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ግን ሜዳ ነው፣ አስፋልት ነው። ከከተማ ወጥታችሁ ወደ ግራሩ ስትገቡ እሾሁ ጎማ አይምርም። ጎሚስታ ደግሞ እዚያ የለም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ካላማዳሪያ፣ ፓችና ማስቲሽ ይያዝ፤ ፓምፑ ግን ለቡድኑ ሁለት ቢሆን ይሻላል፣ አንዱ ሊበላሽ ይችላል። አዲሱን ካላማዳሪያ ከማስገባታችሁ በፊት ጎማውን ከውስጥ በጣታችሁ ዳስሱ። እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ አዲሱንም ወዲያው ይበሳዋል። ቤት ቁጭ ብላችሁ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ በራስ ባትሪ ብቻ ጎማ መቀየር ተለማመዱ። አንዱ ሲቀይር ሦስቱ ቆመው አያዩም፦ አንዱ ብስክሌቱን ይይዛል፣ አንዱ ፓምፑን ያዘጋጃል፣ አንዱ ካርታ ያያል፣ እግረ መንገዳቸውን ሁሉም ይበላሉ።

እስኪርብ መጠበቅ

ሲርባችሁ ዘግይታችኋል። ለረጅም ውድድር በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት (ኃይል ሰጪው ንጥረ ነገር) ይመከራል። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም ገደማ አለው፣ ከዚያ ተነስታችሁ አስሉት። ውድ የፈረንጅ ጄል የግድ አይደለም። ጄሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ላይ የሚሞክር ሰው ሆዱ ይበጠበጣል። በሶ አለን። በሶ በሃይላንድ ከስኳርና ከጨው ጋር ተበጥብጦ እየሄዱ የሚጠጣ ምግብ ነው፣ ሆድ ያውቀዋል። ጩኮ አለ፣ ቴምር አለ። ቆሎ ጥሩ ነው፣ ግን አፍ ሲደርቅ ለማኘክ ያስቸግራል፣ ስለዚህ እሱን ብቻ አትያዙ።

ውሃ ላይ ሁለት ስህተት አለ። አንዱ ትንሽ መጠጣት ነው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛው ለብዙ ሰዓት እያላቡ ጨው የሌለው ውሃ ብቻ በብዛት መጠጣት ነው። የደም ጨው ይወርዳል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም መደናገር ያመጣል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። የተደናገረን ሰው ውሃ ጎድሎት ነው ብላችሁ ውሃ ብትጨምሩለት ይብስበታል። በቤት የሚዘጋጀው ቀላሉ ነገር በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፣ ማንኪያው ለጥ ያለ ይሁን። የወንዝ ውሃ ሳታክሙ አትጠጡ፣ ውሃ አጋር ወይም ሌላ ማከሚያ ያዙና መጠኑን ከላዩ አንብቡ።

ሙቀቱን አምኖ ጃኬት መተው

ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ይሞቃል። ውድድሩ ወደ ባሌ ከሆነ ግን ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ በበጋው ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ሐዋሳ ላይ ጠንካራ የነበረ ሰው እዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ራሱን ያመዋል። ቀደም ብላችሁ ሂዱና ሰውነታችሁ ይልመደው። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ሚዛኑን መጠበቅ ካቃተው ወይም ከተደናገረ መውረድ ነው፣ ክርክር የለውም። የዝናብ ጃኬትና ሹራብ በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ይኑር። የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲያዩ እየሄደ ይሞቀዋል ማለት አጉል ጀግንነት ነው። እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ ጣፋጭ አብሉት።

እንቅልፍን ማታለል

ከአንድ ሌሊት በላይ በሚቆይ ውድድር እንቅልፍ ሳይተኙ ማለፍ አይቻልም። ዓይኑን ገልጦ የሚተኛ ሰው አለ፣ ብስክሌት ላይ እንኳን። ካርታ የያዘው ሰው አንድን መስመር ሦስት ጊዜ ካነበበ ደክሞታል፤ ካርታውን ተቀበሉት። ሃያ ደቂቃ መተኛት፣ አንዱ ሰዓት ጠብቆ፣ ከሁለት ሰዓት መንከራተት ይሻላል። መቼ እንደምትተኙ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራት የደከሙ ሰዎች መልካም ውሳኔ አይወስኑም።

ውድድሩን ከጨረሱ በኋላ መበታተን

ሐይቅ ውስጥ ካለፋችሁ አንድ ሥራ ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር፣ ሐዋሳንም ጨምሮ፣ ቢልሃርዝያ አለ። ተውሳኩ ሳር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል። ምልክቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ወዲያው የተመረመረ ሰው ነጻ ነህ ቢባልም ማረጋገጫ አይሆነውም፣ እንቁላሉ በሰገራ ምርመራ የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው። ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ጤና ጣቢያም አራታችሁም አንድ ላይ ሂዱ። ሐይቅ ውስጥ መግባታችሁን ለሐኪሙ ንገሩት። ከተገኘባችሁ በፕራዚኳንቴል የሚድን በሽታ ነው።